ሰው የሌላውን ሐሳብ እስከ ምን ድረስ ያሰላል? በግምት ጨዋታ ለመለካት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ከ0 እስከ 100 ካሉት ቁጥሮች አንዱን ጻፉ። የሁሉም ተሳታፊ ቁጥር ተደምሮ አማካዩ ይወጣል፤ ለአማካዩ ሁለት ሦስተኛ ይበልጥ የቀረበ ሰው ያሸንፋል። ስንት ትጽፋላችሁ?

አንዱ «ሰው እንደመሰለው ቢጽፍ አማካዩ 50 አካባቢ ይሆናል፤ ስለዚህ 33 ልጻፍ» ይላል። ሌላው «ሁሉም እንደዚያ ካሰበማ 22 ነው የሚያዋጣኝ» ብሎ አንድ እርምጃ ይቀድመዋል። ሐሳቡን ሳያቋርጥ የገፋ ሰው 15 ይላል፣ 10 ይላል፣ በመጨረሻም 0 ላይ ይደርሳል። ሁሉም 0 ከጻፈ ማንም ሰው የራሱን ቁጥር ብቻ በመቀየር የሚያተርፈው ነገር የለም፤ የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ ይህን ነጥብ የናሽ ሚዛን ይለዋል። ሆኖም በመጀመሪያው ዙር 0 የሚጽፍ ሰው ብዙውን ጊዜ ይሸነፋል። የሒሳቡ መልስ ትክክል ሆኖ ሳለ ሰውየው ይሸነፋል፤ ይህን ጨዋታ እንድወደው ያደረገኝም ይኸው ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። የኢኮኖሚክስ ሊቁ ጆን ሜናርድ ኬንስ እ.ኤ.አ. በ1936 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የአክሲዮን ገበያን ከጋዜጣ የቁንጅና ውድድር ጋር አመሳስሎት ነበር፤ አንባቢው ከመቶ ፎቶግራፎች ስድስቱን ይመርጣል፣ የሚሸለመው ግን ምርጫው ከብዙኃኑ ምርጫ ጋር የገጠመለት ነው። በ1981 አላን ለዱ በአንድ የፈረንሳይ የጨዋታ መጽሔት ላይ የሁለት ሦስተኛውን ጨዋታ ለአንባቢዎች አቀረበ። በ1995 ደግሞ የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዋ ሮዝማሪ ናጌል ቤተ ሙከራ ውስጥ አስገብታ ውጤቱን አሳተመች። በእሷ ሙከራ የሁለት ሦስተኛው ጨዋታ የመጀመሪያ ዙር አማካይ 37 ገደማ ነበር። ዒላማው፣ ማለትም አሸናፊውን የሚለየው ቁጥር፣ የአማካዩ ግማሽ ሲሆን ደግሞ አማካዩ ወደ 27 ዝቅ አለ። ቁጥሮቹም በዘፈቀደ አልተበተኑም፤ 33 እና 22 አካባቢ በርከት ብለው ተገኙ።

ይህ መመሪያ እንዲህ ያለውን ሙከራ ራሳችሁ አዘጋጅታችሁ ውጤቱን በጥንቃቄ እንድታነቡ የሚረዳ ነው። ተማሪ፣ አስተማሪ ወይም ነገሩን ለማወቅ የጓጓ ማንኛውም ሰው ሊጠቀምበት ይችላል።

1. የምትለኩትን ነገር አስቀድማችሁ ለዩ

አንድ ሰው 33 ቢጽፍ ከጀርባው ቢያንስ ሦስት ታሪኮች ሊኖሩ ይችላሉ። አንድ እርምጃ አስቦ እዚያው ቆሞ ይሆናል። ወይም እስከ 0 ድረስ ወርዶ «ሰው ግን እስከዚህ አያስብም» ብሎ ተመልሷል። ወይም ምንም አላሰበም፤ ቁጥሩ እንዲሁ መጣለት። ወረቀቱ ላይ ያለው 33 ሦስቱንም አይለያቸውም።

ስለዚህ መጠየቅ ያለባችሁ ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ሰውየው እስከ ስንት እርምጃ ማሰብ እንደሚችል ነው። ሁለተኛው ሌሎች እስከ ስንት እርምጃ ያስባሉ ብሎ እንደሚያምን ነው። በዚህ ሥራ ላይ ከማያቸው ስሕተቶች የከፋው ሁለቱን መቀላቀል ነው፤ ዝቅተኛ ቁጥር የጻፈውን «አስተዋይ»፣ ከፍ ያለ የጻፈውን «ያልገባው» ብሎ መፈረጅ። ከታች የምዘረዝራቸው እርምጃዎች አብዛኞቹ ይህን ለማስቀረት የታሰቡ ናቸው።

2. ጨዋታውን ምረጡ

የግምት ጨዋታው በቡድን ለመጫወት ይመቻል። ናጌል በአንድ ጊዜ ከ15 እስከ 18 ሰው ታስቀምጥ ነበር፤ እናንተም ከዚህ ባታንሱ ይሻላል። ሰው ሲያንስ የእያንዳንዱ ሰው ቁጥር ራሱ አማካዩን ስለሚጎትተው ስሌቱ ይወሳሰባል።

በጥንድ ማጫወት ከቻላችሁ ግን አየላ አራድና አሪየል ሩቢንስታይን በ2012 ያሳተሙትን ጨዋታ እመክራለሁ። እያንዳንዱ ተጫዋች ከ11 እስከ 20 ሰቅል (የእስራኤል ገንዘብ) ድረስ የፈለገውን ይጠይቃል፤ የጠየቀውንም ያገኛል። የጠየቀው ከጓደኛው በትክክል በአንድ ካነሰ ደግሞ ተጨማሪ 20 ሰቅል ይሰጠዋል። ሕጉ ይኸው ብቻ ነው።

ውበቱ መነሻው ግልጽ መሆኑ ላይ ነው። ምንም ያላሰበ ሰው 20 ይጠይቃል፤ የተረጋገጠ ገንዘብ ነውና። «እሱ 20 ይላል» ብሎ ያሰበ 19 ይጽፋል፤ «እሱ 19 ይላል» ያለ ደግሞ 18። እያንዳንዱ የሐሳብ እርምጃ አንድ ቅነሳ ብቻ ስለሆነ ማካፈልና ማባዛት የሚከብደው ሰውም አይቸገርም። በግምት ጨዋታው ውስጥ የሒሳብ ድካምና የስልት ድካም ይደባለቃሉ፤ እዚህ ግን ሒሳቡ ከመንገዱ ይወጣል። በሙከራው ከተሳታፊዎቹ ወደ ሦስት አራተኛ የሚጠጉት 17፣ 18 ወይም 19 ጻፉ፤ ማለትም ከአንድ እስከ ሦስት እርምጃ አሰቡ። በናሽ ሚዛን ስሌት ግን ከምርጫዎቹ ግማሹ 15 እና 16 ላይ ማረፍ ነበረበት። ተሳታፊዎቹ እዚያ ብዙም አልወረዱም።

3. መመሪያውን በጽሑፍ አዘጋጁ

በቃል አታስረዱ። ለአንዱ ቡድን የተናገራችሁትን ለሌላው ቃል በቃል መድገም አይቻልም፤ የድምፃችሁ አወጣጥም ፍንጭ ይሰጣል። ወረቀቱ ላይ እንዲህ ብትሉ ይበቃል፦

«በዚህ ክፍል 20 ሰዎች አላችሁ። እያንዳንዳችሁ ከ0 እስከ 100 አንድ ቁጥር ትጽፋላችሁ። 0 እና 100 ይፈቀዳሉ፤ ነጥብ ያለው ቁጥርም ይፈቀዳል። ወረቀቶቹ ከተሰበሰቡ በኋላ የ20ዎቹ ቁጥሮች አማካይ ይሰላል፤ አማካዩ በ2 ተባዝቶ ለ3 ይካፈላል። ከዚህ ውጤት ጋር ቁጥሩ ይበልጥ የተቀራረበለት ሰው ሽልማቱን ይወስዳል። እኩል የቀረቡ ካሉ ሽልማቱን እኩል ይካፈላሉ።»

ምን እንዳልተጻፈ አስተውሉ። «ተቃዋሚ»፣ «ብልህ»፣ «ስልት» የሚሉ ቃላት የሉም። «ሌሎቹ ምን እንደሚያስቡ አስቡ» የሚል ምክርም የለም፤ ልትለኩት የፈለጋችሁት ነገር ሰውየው ይህን በራሱ ያስብ እንደሆነ ነውና።

ምሳሌ ስትሰጡ ተጠንቀቁ። «ለምሳሌ አማካዩ 50 ቢሆን ዒላማው 33 ይሆናል» ብላችሁ ከጻፋችሁ ሙከራው ሳይጀመር አልቋል፤ የሚሰበሰቡት 33ዎች የእናንተ ይሆናሉ። ስሌቱን መረዳታቸውን ማጣራት ግን ያስፈልጋል። ስለዚህ ተራርቀው የተቀመጡ ሁለት ጥያቄዎች ስጡ። ሦስት ሰዎች 90፣ 90 እና 60 ቢጽፉ ማን ያሸንፋል? (አማካዩ 80፣ ዒላማው 53.3 ስለሆነ 60 ያሸንፋል።) ሦስት ሰዎች 6፣ 3 እና 0 ቢጽፉስ? (አማካዩ 3፣ ዒላማው 2 ስለሆነ 3 ያሸንፋል።) በአንዱ ትንሹ ቁጥር፣ በሌላው መካከለኛው ስለሚያሸንፍ «ትንሹን ጻፍ» የሚል ትምህርት አይተላለፍም። ጥያቄውን የሳተ ሰው መመሪያውን እንደገና ያንብብ፤ ከተጫወተ በኋላም መሳቱን ወረቀቱ ላይ መዝግቡ።

አንድ ነገር ፈጽሞ አታድርጉ፦ አትዋሹ። ኮምፒውተሩን ሰው ነው፣ አስሩን ሰው ሃያ ነው አትበሉ። በሙከራ ኢኮኖሚክስ ማታለል የተከለከለው ለጨዋነት ብቻ አይደለም። ተሳታፊው መታለልን ከጠረጠረ ስለ ሌሎች ተጫዋቾች ማሰቡን ትቶ ስለ እናንተ ማሰብ ይጀምራል፤ የምትሰበስቡትም ስለ እናንተ የታሰበውን ይሆናል።

4. ሽልማቱ እውነተኛ ይሁን

ኢኮኖሚስቱ ቨርነን ስሚዝ በ1970ዎቹ ግልጽ አድርጎ ያስቀመጠው መርህ አለ፦ ተሳታፊው የሚያገኘው ነገር በውሳኔው ላይ የተመሠረተ መሆን አለበት፤ ሽልማቱም ለመሰላቸትና ለቀልድ ቦታ የማይሰጥ መጠን ይኑረው። መጠኑ ትልቅ መሆን የለበትም፤ ግን ሰው የሚፈልገው ነገር ይሁን።

በግምት ጨዋታው አንድ ሰው ብቻ ስለሚያሸንፍ ሌሎቹ ባዶ እጃቸውን ይወጣሉ። ለመጡበት የተወሰነ ክፍያ ለሁሉም ለይታችሁ ስጡ። ይህ ካልሆነ «የማላሸንፍ ከሆነ ልቀልድ» የሚል ሰው ይበዛና 100 የተጻፈባቸው ወረቀቶች ይደርሷችኋል። ከ11 እስከ 20 ባለው ጨዋታ ለሁሉም መክፈል ካልቻላችሁ በዕጣ ጥቂት ጥንዶች አውጥታችሁ ለእነሱ ክፈሉ፤ ይህንንም አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

5. አጫውቱ፤ ምክንያቱንም ሰብስቡ

ተሳታፊዎቹ ተራርቀው ይቀመጡ፣ አይነጋገሩ። አምስት ደቂቃ ያህል በቂ ነው። ቁጥሩን ጽፈው ካስረከቡ በኋላ፣ ውጤቱ ሳይነገር፣ ሁለተኛ ወረቀት ስጡ። ሁለት ጥያቄ ይኑረው፦ «ይህን ቁጥር ለምን መረጣችሁ?» እና «የሁሉም አማካይ ስንት የሚሆን ይመስላችኋል?»

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ምክንያቱን ከቁጥሩ በፊት ከጠየቃችሁ ሰው ያላሰበውን እንዲያስብ ትገፋፉታላችሁ። ውጤቱ ከተነገረ በኋላ ከጠየቃችሁ ደግሞ አሸናፊው ያላሰበውን እንዳሰበ አድርጎ ይጽፍላችኋል፤ ይህን የሚያደርገው ለመዋሸት ብሎ ሳይሆን ትዝታው ከውጤቱ ጋር ስለሚስተካከል ነው።

ከዚህም የተሻለ ዘዴ አለ። ኮንራድ ቡርካርዲና ስቴፋን ፔንቺንስኪ በ2014 ባሳተሙት ሥራ ተሳታፊዎቹን ሁለት ሁለት አድርገው አቧደኑ። እያንዳንዱ ለባልደረባው የሚመክረውን ቁጥርና ምክንያቱን አንድ ጊዜ ብቻ ጽፎ ይልካል፤ ከዚያ ሁለቱም የመጨረሻ ውሳኔያቸውን ያስገባሉ፤ ከሁለቱ ውሳኔዎች አንዱ በዕጣ የቡድኑ ይሆናል። ባልደረባውን ማሳመን ስላለበት ሰውየው ሐሳቡን ከመነሻው ጀምሮ አፍረጥርጦ ይጽፋል። ለተመራማሪው «አማካዩን ገምቼ ነው» ብሎ የሚያልፍ ሰው ለባልደረባው ሲሆን ሦስት መስመር ይጽፋል። ጊዜ ካላችሁ ይህን ሞክሩ፤ ከምታገኙት ቁጥር ሁሉ እነዚያ መልእክቶች ይበልጣሉ።

6. ወረቀቶቹን አንብቡ

አስር ወረቀት ሰበሰባችሁ እንበል፦ 50፣ 33፣ 22፣ 67፣ 35፣ 20፣ 15፣ 42፣ 1፣ 33። ድምሩ 318፣ አማካዩ 31.8፣ ሁለት ሦስተኛው 21.2 ነው። 22 የጻፈው አሸነፈ። 1 የጻፈው ወደ ሚዛኑ ከሁሉም ቀርቦ ሳለ ሩቅ ቀረ።

በመጀመሪያ 67ን ተመልከቱ። ሁሉም ሰው 100 ቢጽፍ እንኳ ዒላማው ከ66.7 አይበልጥም። ከዚያ በላይ የጻፈ ሰው ወይ ሕጉ አልገባውም ወይ ግድ አልሰጠውም፤ 67 ደግሞ ከድንበሩ አንድ ፀጉር ብቻ ስላለፈ «ከፍተኛው ዒላማ ይህ ነው» ብሎ አስልቶ አጠጋግቶት ሊሆን ይችላል። ምክንያቱን የጻፈበት ወረቀት እዚህ ላይ ይፈርዳል።

ቀጥላችሁ ቁጥሮቹን ከ50፣ 33፣ 22፣ 15 እና 10 ጋር አስተያዩ። ዴል ስታልና ፖል ዊልሰን በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ ናጌልም በዚያው ዘመን ያዳበሩት የደረጃ አመዳደብ ይህ ነው። ደረጃ ዜሮ ሳያሰላ ይጽፋል፤ በአማካይ 50። ደረጃ አንድ ሌሎች ሁሉ ደረጃ ዜሮ ናቸው ብሎ 33 ይጽፋል። ደረጃ ሁለት ሌሎችን ደረጃ አንድ አድርጎ 22 ይጽፋል። ኮሊን ካመረር፣ ቴክ-ሁዋ ሆ እና ጁዊን-ኩዋን ቾንግ በ2004 ይህን አሻሻሉት፦ በእነሱ ስሌት አንድ ሰው ከእሱ በታች ያሉትን ደረጃዎች ሁሉ ቀላቅሎ ያስባል እንጂ አንድ ደረጃ በታች ያለውን ብቻ አይደለም። ከብዙ ጨዋታዎች በሰበሰቡት ውጤት አማካይ የእርምጃ ብዛት 1.5 ገደማ ሆኖ አገኙት።

አሁን ሁለቱን 33ዎች ለያይታችሁ አንብቡ። አንዱ «የ0 እና የ100 መሐል 50፣ ሁለት ሦስተኛው 33» ብሎ ጽፏል፤ አማካዩንም 50 ብሎ ገምቷል። ይህ ጥርት ያለ ደረጃ አንድ ነው። ሌላው «33 ደስ ይለኛል» ብሎ አማካዩን 60 ገምቷል። አማካዩ 60 ነው ብሎ ካመነ መጻፍ የነበረበት 40 ነው፤ እምነቱና ምርጫው አልተገጣጠሙም። ይህን ሰው ደረጃ አንድ ማለት አይቻልም። 1 የጻፈውስ? «ሁሉም ካሰበበት 0 ይሆናል፣ ግን የሚቀልድ አይጠፋም» ካለ ሐሳቡ ጥልቅ ነው፤ የጎደለው የሰዎቹ ግምት ነው።

7. ችሎታን ከእምነት ለዩ

ከመመሪያው ሁሉ ይበልጥ የምትደክሙበት ክፍል ይህ ይሁን።

የመጀመሪያው መንገድ እምነትን ከጨዋታው ጨርሶ ማውጣት ነው። ብሪት ግሮስኮፍና ናጌል በ2008 ያሳተሙት ሙከራ ጨዋታውን ለሁለት ሰው ብቻ አደረገው። ሁለት ሰው ሲሆን የአማካዩ ሁለት ሦስተኛ ሁልጊዜ ለትንሹ ቁጥር ይቀርባል። ሞክሩት፦ 80 እና 20 ከሆኑ አማካዩ 50፣ ዒላማው 33.3፤ 20 ያሸንፋል። 9 እና 8 ከሆኑም ዒላማው 5.7 ነው፤ 8 ያሸንፋል። ስለዚህ ሌላው ምንም ቢጽፍ 0 የጻፈ ሰው አይሸነፍም፤ ስለ ሌላው ማሰብ ራሱ አያስፈልግም። ሆኖም 0 የጻፉት ከተማሪዎቹ አንድ አስረኛ ያህሉ ብቻ ነበሩ። የጨዋታ ንድፈ ሐሳብን ከሚያውቁት ባለሙያዎች መካከል እንኳ አብዛኞቹ 0 አልጻፉም። እዚህ ላይ «ሌሎቹን ገምቼ ነው» የሚል ማመካኛ አይሠራም። እናንተም ከቡድኑ ጨዋታ በኋላ ያንኑ ሰው በጥንድ አጫውቱት፤ በቡድኑ 22፣ በጥንዱ 0 የጻፈ ሰው ችሎታ አላነሰውም ማለት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ተጋጣሚዎቹን መቀየር ነው። ማሪና አግራኖቭና ባልደረቦቿ በ2012 ተሳታፊዎችን አንዳንዴ ከመሰሎቻቸው ጋር፣ አንዳንዴ ከኢኮኖሚክስ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ጋር፣ አንዳንዴ ደግሞ ቁጥር በዘፈቀደ ከሚመርጡ ሰባት ኮምፒውተሮች ጋር አጫወቷቸው። ተጋጣሚዎቹ የተማሩ መሆናቸው ሲነገራቸው የተሳታፊዎቹ ምርጫ ዝቅ አለ። የተለወጠው ስለ ሌሎች ያላቸው ግምት ነው። የኮምፒውተሩ ሁኔታ ደግሞ በሌላ በኩል ይጠቅማል፤ ተጋጣሚው የማያስብ መሆኑ ስለታወቀ ተገቢው ቁጥር 32 ገደማ ነው (የራሱ የተጫዋቹ ቁጥርም አማካዩን ስለሚጎትት ከ33 ትንሽ ያንሳል)። እዚያም 60 ወይም 5 የሚጽፍ ሰው ችግሩ ከስሌቱ ነው።

የጋዜጣ ውድድሮችን ስታነቡም ይህን አትርሱ። ኢኮኖሚስቱ ሪቻርድ ቴለር በ1997 በፋይናንሺያል ታይምስ ባካሄደው ውድድር አማካዩ 18.91፣ ያሸነፈውም ቁጥር 13 ነበር። የዴንማርኩ ፖሊቲከን ጋዜጣ በ2005 ባካሄደው 19,196 ሰው ተሳትፎ ዒላማው 21.6 ሆነ። ከዚህ ተነስቶ የአንዱ ጋዜጣ አንባቢ ከሌላው ይልቃል ማለት አይቻልም፤ የፋይናንስ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ተወዳዳሪዎቹ እነማን እንደሆኑ ያውቃል። በሌሎች የጋዜጣ ውድድሮች ደግሞ መልሳቸውን ከመላካቸው በፊት ጨዋታውን በዙሪያቸው ባሉ ሰዎች ላይ የሞከሩ አንባቢዎች ነበሩ። እነሱ ለአሸናፊው ቁጥር ይበልጥ ቀረቡ፤ ብዙ እርምጃ ከማሰብ ይልቅ ሰውን ጠይቀው ነውና።

8. ዙር ብትደግሙ

ውጤቱን እያሳወቃችሁ አራት ዙር ብታጫውቱ ቁጥሮቹ ወደ 0 ይወርዳሉ። በናጌል ሙከራም የሆነው ይህ ነው። ነገር ግን «ሰዎቹ በየዙሩ ጠለቅ ብለው አሰቡ» ብላችሁ አትጻፉ። መነሻው ነው የተቀየረው። በሁለተኛው ዙር ሰው የሚነሳው ከ50 ሳይሆን ካለፈው ዙር አማካይ ነው። የእያንዳንዱን ዙር ቁጥር ካለፈው አማካይ አንጻር ስታሰሉት እርምጃው ያው አንድ ወይም ሁለት ሆኖ ታገኙታላችሁ። ጥልቀትን የምትለኩት በመጀመሪያው ዙር ነው፤ ቀሪዎቹ መማርን ያሳያሉ።

9. ወደ ሌላ ጨዋታ ስትሻገሩ

ይህን አመዳደብ ይዛችሁ ማንኛውም ጨዋታ ላይ አትዝመቱ። ቨርነር ጉትና ባልደረቦቹ በ1982 ባስተዋወቁት የመጨረሻ ውል ጨዋታ አንዱ ገንዘብ ያካፍላል፣ ሌላው ይቀበላል ወይም ሁለቱም ባዶ እንዲቀሩ እምቢ ይላል። አካፋዮች ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 በመቶ ይሰጣሉ። ይህ አለማሰብ አይደለም፤ ትንሽ የተሰጠው ሰው ተናዶ እምቢ እንደሚል አስልተው ወይም ፍትሕ ፈልገው ነው። በሪቻርድ ማክኬልቪና ቶማስ ፓልፍሬይ የ1992 የመቶ እግር ጨዋታም (ሁለት ሰዎች እየተፈራረቁ ወይ ገንዘቡን ይዘው ያቆማሉ፣ ወይ ገንዘቡ እንዲያድግ ተራውን ለሌላው ያሳልፋሉ)፣ ንድፈ ሐሳቡ የመጀመሪያው ተጫዋች ወዲያው ገንዘቡን ይዞ ያቆማል ሲል፣ በአራት እርምጃው ጨዋታ ያን ያደረጉት 7 በመቶ ያህሉ ነበሩ። የተቀሩት አስበው አልደረሱበትም ወይስ ሌላውን አምነው ነው? ውጤቱ ብቻውን አይመልሰውም። ጥልቀትን ለመለካት ደግነትና ቂም የማይገቡበትን ጨዋታ ምረጡ።

10. ውጤቱን ስትጽፉ

መመሪያውን ቃል በቃል አያይዙ። የተሳታፊዎቹን ብዛት፣ ሽልማቱን፣ የማጣሪያ ጥያቄውን የሳቱትን ቁጥር አስቀምጡ። አማካዩን ብቻ አትስጡ፤ የሁሉንም ቁጥሮች ስርጭት በሥዕል አሳዩ፣ ምክንያቱም 50 እና 0 እኩል የተጻፈበት ቡድንና ሁሉም 25 የጻፈበት ቡድን አማካያቸው አንድ ነው።

የምክንያት ወረቀቶቹን ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ለየብቻ ይመድቧቸው፤ መዳቢዎቹ የተጻፈውን ቁጥር ባያዩ ይመረጣል። ከዚያ ምደባቸውን አስተያዩ። የተስማሙባቸውን በደረጃ አስቀምጡ። ያልተስማሙባቸውንና ምክንያት ያልተጻፈባቸውን ደግሞ በቁጥሩ እየገመታችሁ የትኛውም ደረጃ ውስጥ አትክተቱ፤ «ያልተመደቡ» በሚል ለብቻቸው ቆጥራችሁ ብዛታቸውን ጻፉ።